ፍራሽ ቆራጮች ቀለም ሊቀቡ ሲሄዱ

ቁርጥ ክፍል የገባሁ ቀን ቢላ አልተሰጠኝም። የተሰጠኝ አንድ ጠመኔና አንድ የብረት ሜትር ነው። የክፍሉ ፎርማን ጋሽ ተካ አንድ የስፖንጅ ብሎክ ፊት አቆመኝ። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፣ ርዝመቱ ከሚኒባስ አያንስም። «ይሄን በአሥር በአሥር ሳንቲ ሜትር አስምሪው» አለኝ። አሰመርኩ። መጥቶ አየውና በመዳፉ አራግፎ አጠፋው። «ድገሚ» አለኝ። ያን ቀን ስድስት ጊዜ አሰመርኩ፣ ስድስት ጊዜ አጠፋ። ሰባተኛውን ሳይነካው ወደ ምሳ ሄደ። በጋሽ ተካ ቋንቋ ይህ ትልቅ ምስጋና መሆኑን ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው።

ፋብሪካው ላፍቶ ነው ያለው። ያኔ ከአጥሩ ጀርባ ጤፍ ይዘራ ነበር፤ አሁን ኮንዶሚኒየም በቅሎበታል። ታክሲ ውስጥ የት እንደምሠራ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ «ቁርጥ ክፍል» እላለሁ። ሥጋ ቤት መስሏቸው ጥሩ ሽንጥ እንዳስቀምጥላቸው የተማጸኑኝ አሉ። ፍራሽ እንደምቆርጥ ስነግራቸው ወሬው እዚያው ያልቃል።

ስድስት ወር አሰመርኩ። ከዚያ ረዳት ቆራጭ፣ ቀጥሎ ቆራጭ፣ ቀጥሎ አንደኛ ቆራጭ ሆንኩ። ጋሽ ተካ ጡረታ ሲወጣ የፈረቃ አለቃነቱን ለእኔ ሰጡኝ። የማሽናችን ቢላ እንደ ቀበቶ የሚዞር ስስ ብረት ነው፤ ድምፁ ከተለወጠ ደንዟል ማለት ነው፣ ስፖንጁን ሳይቀድ መቀየር አለበት። ዓይኔን ጨፍኜ ስፖንጅ ብጨብጥ የትኛው ለስላሳ፣ የትኛው ጠንካራ፣ የትኛው በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚጎደጉድ እነግራችኋለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር እንዲገባችሁ ነው።

በጎ ፈቃድ ወደ ፋብሪካችን የመጣው በማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «መላው ሠራተኛ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በበጎ ፈቃደኝነት በግቢው እንዲገኝ እያሳሰብን፣ በማይገኝ ሠራተኛ ላይ አስተዳደራዊ እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን እናስታውቃለን።» ከስፌት ክፍል ጓደኛዬ ዘነቡ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ፈቃዱ የማን ነው?» አለችኝ።

ወረቀቱን የጻፈው አዲሱ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ናትናኤል ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ጠዋት ጠዋት ክፍል ለክፍል እየዞረ ሰላም የሚለን የቢሮ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ችግሩ፣ ነገሮችን ሁሉ ፎቶ ውስጥ ሆነው ነው የሚያያቸው።

ቅዳሜ ጠዋት አርባ ሰው ሆነን ተሰበሰብን። የፋብሪካው ስም የተጻፈበት ቲሸርት ታደለን፣ ሁሉም አንድ ልክ። የእኔ ጉልበቴ ጋ ደረሰ፤ የጫኝና አውራጁ ደግሞ እምብርቱ ላይ ቀረ። አውቶቡስ ወደ ለቡ መብራት ኃይል በሚወስደው መንገድ ወሰደንና አንድ የኪራይ ግቢ በር ላይ አወረደን። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ነው። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ፣ አብዛኞቹ ከአልጋ የማይወርዱ።

ቤቱን የምትመራው ሲስተር ታደለች ናት። የሆሳዕና ሰው ናት፤ በነርስነት ብዙ ዓመት ሠርታ፣ ጡረታ ስትወጣ ከቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጋር ሆና ይህን ቤት ከፈተች። በሩ ላይ ቆማ አርባችንንም አንድ በአንድ ጨበጠችን። ከዚያ ባነሩን አየች፣ ቀጥሎ ከአውቶቡሱ የሚወርደውን ቀለም አየች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። እንግዳ መቀበል የለመደች ሴት ናት።

ለአርባ ሰው ስድስት ብሩሽ ነበር የመጣው። ስድስቱ ቀቡ። አሥሩ ባነር ያዙ። የቀረነው ስድስቱን አይዟችሁ አልናቸው። የወንዶቹ ክፍልና ኮሪደሩ ቢጫ ሆኑ። ናትናኤል ወንበር ላይ ወጥቶ ፎቶ አነሳን። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳችንን በልተን ወደየቤታችን ሄድን። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ክፍል ውኃ ሰማያዊ ቀባነው። ቢጫው ምንም አልሆነም ነበር።

ያን ጊዜ ብሩሽ ደርሶኛል። መስኮቱ ሥር ያለውን ግድግዳ ስቀባ ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ «ጥግ ጥጉን አትዝለዪ» አለኝ። ዞር ስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ በጎኑ የተኛ ሽማግሌ ነው። ጋሽ ገረመው ይባላል። በደጉ ዘመን ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና አሰብ ድረስ ይነዳ የነበረ ሰው ነው። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ግራ ጎኑ መንቀሳቀስ ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል። አንደበቱ ጎተት ይላል እንጂ አእምሮው ደህና ነው።

«ቀለሙ አላማረዎትም?» አልኩት።

«አምሯል። ቢጫውም አምሮ ነበር። ይሄን ግድግዳ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፣ ቀኑን ሙሉ የማየው እሱን ነው።» ቀጥሎም፣ «እኔን መቼ ነው የምትቀቡኝ?» አለኝ።

ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

ስንጨርስ ሲስተር ታደለችን ለብቻዋ አግኝቼ፣ «ቀለም ያስፈልጋችሁ ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አያስፈልገንም» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«እምቢ ካልኩ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይመጣል? ቀለም ይዘው ሲመጡ ሳሙናም ይዘው ይመጣሉ። ቢያንስ ሽማግሌዎቹ ሰው ያያሉ።» ይህን ያለችው ሳትማረር ነው።

በሦስተኛው ዓመት ተረኛው አረንጓዴ ነበር። ብሩሽ አልደረሰኝም፣ ባነሩንም ወጣቶች ቀደሙኝ። ሥራ ፈትቼ ከመቆም ብዬ ሲስተር ታደለች አንሶላ ስትቀይር ላግዛት ገባሁ። ጋሽ ገረመውን ወደ አንድ ጎን አገላበጥነውና አንሶላውን ገፈፍኩት።

የፍራሹ መሀል እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። ስፖንጁ አርጅቶ ጠቁሯል፤ በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። ሥጋው የሚያርፈው ስፖንጅ ላይ ሳይሆን የአልጋው ጣውላ ላይ ነበር። የጨርቁን ጥግ ገለጥ ሳደርግ የፋብሪካችን ምልክት ብቅ አለ። ከስንት ዓመት በፊት ሰው ተኝቶበት የተጣለ፣ ከዚያ በምጽዋት የመጣ የእኛው ፍራሽ ነው። ምናልባትም እኔው የቆረጥኩት።

ሲስተር ታደለች ወገቡ ላይ ያለውን ፋሻ አነሳችው። ቁስሉ የልጅ መዳፍ ያክላል፣ ጥልቅ ነው። ተረከዙም ላይ ሌላ ነበር።

«ይሄ የመኝታ ቁስል ነው» አለችኝ። «በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አለብን። ለአሥራ ዘጠኝ ሰው ሦስት ነን። እንሞክራለን።»

«ሐኪም ምን አለ?»

«ፍራሹ ይቀየር አለ።»

በዚያው ሰዓት ከክፍሉ ማዶ የፍራሽ ፋብሪካ ሠራተኞች ግድግዳ አረንጓዴ እየቀቡ ነበር። ሲስተር ታደለች አየቻቸው፣ እኔም አየኋቸው። አንሶላውን ዘረጋን።

ሰኞ ጠዋት ናትናኤል ቢሮ ሄድኩ። ያየሁትን ነገርኩትና፣ «በሚቀጥለው ጊዜ ቀለሙ ቀርቶ ፍራሽ እንስጣቸው። እኛው እንሠራዋለን» አልኩት።

ከልቡ አዘነ። ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። ከዚያ ማሰብ ጀመረ። «እትዬ አስካለ፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ፍራሽ እኮ አንሶላ ከለበሰ በኋላ አይታይም። ግድግዳ ግን በፊትና በኋላ ተብሎ ይነሳል።» ቀጥሎም የሚቀጥለው ዓመት መሪ ቃል ጸድቆ ማለቁን ነገረኝ። መሪ ቃሉ «ቀለም ለተስፋ» ነበር።

አልተጣላሁትም። ወጥቼ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። ያን ቀን ስንት ብሎክ እንደቆረጥኩ አላስታውስም፤ ዓይኔ ላይ ያለው ያ ወገብ ነበር።

በእኛ ክፍል ብሎክ ሲቆረጥ ዳር ዳሩ ይተርፋል። ተራፊውን ማሽን ፈጭቶት የትራስ ሆድ ይሆናል። አንዳንዱ ተራፊ ግን አንድ ክንድ ይወፍራል፣ ደህና ስፖንጅ ነው። ከዚያ ላይ ለስላሳ ለስላሳውን መርጬ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ወጣሁ። የመውጫ ወረቀት አልጠየቅኩም። ብጠይቅ አይሆንም ሊሉኝ ይችላሉ ብዬ ነው። ጥፋቱ እዚህ ላይ የእኔ ነው፤ ኋላም አልካድኩም።

የመጀመሪያው ሥራዬ ከሸፈ። ሰው ቆስሏልና ለስላሳ ይሻለዋል ብዬ ሁሉንም ለስላሳ አደረግኩት። ቅዳሜ ወስጄ አነጠፍኩለት፤ ጋሽ ገረመውን ስናስተኛው ሰመጠ። ሲስተር ታደለች መዳፏን ከወገቡ ሥር ከፍራሹ በታች አስገባችና፣ «አጥንቱ እጄን እየነካኝ ነው፤ ጣውላው ላይ ደርሷል» አለችኝ።

«አስካለ» አለኝ ጋሽ ገረመው ከተኛበት፣ «ፍራሽ ቆራጭ ነኝ አላልሽኝም?»

ሃያ ምናምን ዓመት የሠራሁበት እጄ አፈረ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የቆረጥኩት ተኝቶ ለሚነሳ ሰው ነው። ተኝቶ ለማይነሳ ሰው ቆርጬ አላውቅም ነበር።

ቀጣዩን ቅዳሜ ሲስተር ታደለች ሥር ተቀምጬ ጠየቅኳት። የትኛው አጥንት ይከብዳል፣ ላብ ወዴት ይሄዳል፣ ተረከዝ ምን ላይ ይረፍ፣ ሲያገላብጡት የትኛው ጎን ይደክመዋል። እሷ እየተናገረች እኔ አሮጌ ካርቶን ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። ከዚያ እንዲህ አድርጌ ሠራሁት፦ ሥሩን ጠንካራ ስፖንጅ፣ ላዩን ለስላሳ። ለስላሳውን ከላይ ወደ ታች እንደ ዳማ ሰሌዳ ካሬ ካሬ አድርጌ እስከ ግማሹ በእጅ ቢላ ቆረጥኩት። እያንዳንዱ ካሬ ለብቻው ይጎነበሳል፣ ጎረቤቱን አይጎትትም። ሰውነት ሲያርፍበት ክብደቱ ይበተናል፣ በካሬዎቹ መሀል አየር ያልፋል። ለተረከዙ ደግሞ ባቱ አርፎበት ተረከዙ አየር ላይ የሚቀርበት ረጅም ትራስ ቆረጥኩ። ዘነቡ በቤቷ የሲንጀር መኪና ውኃ የማያሳልፍ ልብስ ሰፋችለት፤ ዚፑን ከጎን አደረገችው፣ ጀርባ እንዳይወጋ።

ስናስተኛው ሲስተር ታደለች እንደገና እጇን ከሥር አስገባች። ቆየች። «ስፖንጅ አለ» አለችኝ።

ጋሽ ገረመው ዓይኑን ጨፈነ። «እንዴት ነው?» አልኩት።

«አታናግሪኝ» አለኝ። «መንገዱ አስፋልት ሆኗል።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ቲሸርትም አልለበስኩም። ቁስሉ መጀመሪያ እርጥበቱ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩ ጤነኛ ሥጋ አወጣ። ሲስተር ታደለች በየሳምንቱ በሜትሬ ትለካው ነበር። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ ካርቶኑ ላይ ትጽፈዋለች። በሥራዬ ብዙ ነገር ለክቻለሁ። እንደዚያ ልክ እያነሰ ሲሄድ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

ለሁለት አሮጊቶች ደግሞ ሠራሁ። ለአራተኛው ሰው ስፖንጅ ይዤ ስወጣ በር ላይ ተያዝኩ። ዘበኛው የሺጥላ ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረ ሰው ነው፣ የልጄን ሠርግ በልቷል። ከረጢቱን ከፍቶ አየና፣ «ወረቀት?» አለኝ። «የለኝም» አልኩት። መሬት መሬት እያየ ስሜን መዝገብ ላይ ጻፈ። «ይቅርታ አስካለ፣ አሁን ካሜራ አለ» አለኝ ቀና ብሎ ወደ ጣሪያው እያሳየኝ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ሰብሳቢው የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ጌታሁን ናቸው። ፋብሪካው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» የተባልኩት ያን ቀን ነው።

«ንብረቱን ያወጡት ለምን ዓላማ ነው?» አሉኝ።

«ቀለም የምንቀባላቸው ሽማግሌዎች አሉ አይደል፣ ለእነሱ ነው። የሚተኙበት የላቸውም።»

«ድርጅቱ ለነዚሁ አረጋውያን በየዓመቱ ድጋፍ እንደሚያደርግ አያውቁም?»

«አውቃለሁ። የምንቀባው እኛው ነን።»

ጸሐፊዋ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። አቶ ጌታሁን ግን አልሳቁም። ጉዳዩ «ስርቆት» ይባል ወይስ «ያለ ፈቃድ ንብረት ማውጣት» በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ተከራከሩ። እኔ ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እጠብቅ ነበር። የመጀመሪያው ከሆነ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ እሰናበታለሁ። ጡረታዬ ሊደርስ ሁለት ዓመት ነበር የቀረው። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ልቤ ስንት ቦታ እንደሄደ አልነግራችሁም። ግን የፈራሁት መባረሩን ብቻ አልነበረም። ስርቆት የምትለዋ ቃል ስሜ ጎን ተጽፋ ፋይል ውስጥ መቅረቷን ነው።

የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ጥሩ ተከራከረልኝ። ሁለተኛው ተመረጠ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከፈረቃ አለቃነት ወርጄ አንደኛ ቆራጭ ሆንኩ። ደብዳቤው ላይ የፈረሙት ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰይፉ ናቸው። ከእኔ ሥር ሲሠሩ የነበሩት ልጆች በማግሥቱ ዓይኔን ማየት አቃታቸው። እኔም የእነሱን።

ቅዳሜ ባዶ እጄን ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድኩ። ሲስተር ታደለች ሰምታ ነበር። አልጋ ልናነጥፍ ይዛኝ ገባች እንጂ አላጽናናችኝም። ጋሽ ገረመው ግን ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«እኔ አሰብ መንገድ ላይ ያለ ወረቀት ያሳለፍኩት ጭነት ቢቆጠር» አለኝ፣ «አንቺ ቅድስት ነሽ።» ያን ሳምንት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ከወር በኋላ «ቀለም ለተስፋ» ደረሰ። በዚያ ዓመት አቶ ሰይፉ ራሳቸው መጡ፤ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጋዜጠኛና ካሜራ ያዥ ተከትለዋቸዋል። ቀለሙ ሮዝ ነበር። ግማሹ ግድግዳ እንደተቀባ ጋዜጠኛዋ ማይክ ይዛ ጋሽ ገረመው አልጋ አጠገብ ቆመች።

«አባባ፣ አዲሱ ቀለም ምን ስሜት ፈጠረብዎት?»

«አላየሁትም» አላት። «በፊት ያ ቁስል በጎኔ ያስተኛኝ ነበር፣ ግድግዳውን አየዋለሁ። አሁን በጀርባዬ ነው የምተኛው። ጣሪያ ነው የማየው።»

ልጅቷ ግራ ተጋባች። «ጣሪያውስ?»

«ጣሪያውን አልቀቡትም። ፍራሹን ጠይቂኝ። ፍራሹን የሠራችው ያቻትና፣ ባልዲ የያዘችው።»

ካሜራው ወደ እኔ ዞረ። ባልዲውን አስቀመጥኩት። ሲስተር ታደለች ያን ጊዜ ያደረገችውን ነገር እስካሁን አልረሳውም። ያቺ ሦስት ዓመት ዝም ያለች ሴት፣ ማንንም ሳትጠይቅ የአልጋውን አንሶላ በአንድ ጎን ገለጠች፣ የዘነቡን ዚፕ ከፈተች፣ ካሬ ካሬውን ስፖንጅ ለካሜራው አሳየች። ከኪሷ ካርቶኑን አውጥታ የቁስሉን ልክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበች። ክፍሉ ውስጥ ብሩሽ የያዘ ሁሉ እጁ ቆመ።

አቶ ሰይፉ ጠጋ አሉ። እሳቸው ፍራሽ በጋሪ ከመሸጥ የተነሱ ሰው ናቸው፣ ስፖንጅ ያውቃሉ። መዳፋቸውን ካሬዎቹ ላይ አድርገው ተጫኑ፣ ለቀቁ፣ እንደገና ተጫኑ።

«በምን ቆረጥሽው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«በእጅ ቢላ።»

«ጥልቀቱን እንዴት እኩል አመጣሽው?»

«አስምሬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለአንድ አፍታ ሥራ አስኪያጅ አልነበሩም፣ የሙያ ሰው ነበሩ። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሩ። «እንደምታዩት ይህ ፋብሪካችን ለአረጋውያን ወገኖቻችን በልዩ ሁኔታ ያዘጋጀው ምርት ነው» አሉ። የምርቱ አዘጋጅ ከአንድ ወር በፊት ያንኑ ስፖንጅ በማውጣቷ ማስጠንቀቂያ የተጻፈባት መሆኗን ጋዜጠኛዋ አልጠየቀችም። ማንም አልነገራትም።

ሰኞ ናትናኤል እየሮጠ ቁርጥ ክፍል መጣ። ለሁሉም አረጋውያን ፍራሽ እንዲሠራ ታዟል። ስፖንጁ ከአዲስ ብሎክ ይቆረጣል፣ ልብሱን ስፌት ክፍል ይሰፋል። «ቅዳሜ እንሠራዋለን፣ ማስታወቂያውን አሁን እለጥፋለሁ» አለ።

ዘነቡ አብራን ቆማ ነበር። «አትለጥፍ» አለችው።

«ካልለጠፍኩ ማን ይመጣል?»

«የሚመጣው ይመጣል።»

አሥራ አንድ ሰው መጣ። ከአርባው አሥራ አንድ። እኔ አሰመርኩ፣ ከክፍላችን የመጡት አራት ልጆች ቆረጡ፣ ዘነቡና ጓደኞቿ ሰፉ። ናትናኤልም መጣ፤ ካሜራውን ቢሮ ትቶ ጓንት አጠለቀ። ዚፕ ሲገጥም ሦስት ጊዜ ጣቱን ወጋው፣ ግን እስከ መጨረሻው ቆየ። ፍራሾቹን ስናወጣ በሩ ላይ የሺጥላ ነበር። ወረቀቱን ተቀበለን፤ ፍራሾቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ልክ መሆናቸውን አረጋገጠ፣ ፈረመ። ከዚያ መዝገቡን ዘግቶ ከእኛ ጋር መኪናው ላይ ጫነ።

በዚያው ሳምንት የምስጋና ደብዳቤ ደረሰኝ። ከታች ያለው የአቶ ሰይፉ ፊርማ ነው። ከማስጠንቀቂያው ፊርማ ጋር አስተያየሁት፣ አንድ ነው። ማስጠንቀቂያው ይነሳልኝ ብዬ አቶ ጌታሁን ዘንድ ሄድኩ።

«ማስጠንቀቂያው የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው፤ ምስጋናው የኮሙኒኬሽን ነው። አይገናኙም» አሉኝ። አንቺም እርስዎም ሳይሉኝ።

ሁለቱም ፋይሌ ውስጥ ተያይዘው ተቀመጡ፣ ምስጋናው ከላይ፣ ማስጠንቀቂያው ከሥር። ፈረቃ አለቃነቱን ከወራት በኋላ መለሱልኝ። ለምን እንደወሰዱት ተጽፏል፤ ለምን እንደመለሱት ግን አልተጻፈም።

የጋሽ ገረመው ቁስል ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ቀን ቀን በተሽከርካሪ ወንበር አውጥተን በሩ ጋ እናስቀምጠው ነበር። የሚያልፈውን ከባድ መኪና ሁሉ ማርሽ አለዋወጡን ይተቻል። አንድ ቀን ሾፌሩ ሰምቶት መኪናውን አቁሞ ወርዶ ተከራከረው። ጋሽ ገረመው ለሳምንት ያወራው ያንን ነው።

በሚቀጥለው ክረምት የሳንባ ምች ያዘውና አረፈ። ሲስተር ታደለች ደውላ ነገረችኝ። ሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ገላውን አጥባ ጨርሳ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። «ጀርባው ንጹሕ ነበር» አለችኝ። ሁለታችንም ብዙ አላለቀስንም። እሷ በሥራዋ፣ እኔም በሥራዬ ያየነውን እናውቃለን።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ፋብሪካው አሁንም በየዓመቱ ይሄዳል፤ አሁንም ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ አሁንም ይቀባል። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሳ መስኮቱ እንደ ድሮው አይከፈትም ይላሉ። ነገር ግን ከቀለሙ ጋር ሁለት ቆራጭና አንድ ሰፊ ይላካሉ፤ አንሶላ ገልጠው ስፖንጅ ይጫናሉ፣ የጎደጎደውን ይለውጣሉ። እነሱን ፎቶ የሚያነሳ የለም።

እናንተ ወጣት ሠራተኞች ተራ ደርሷችሁ አውቶቡስ ላይ ስትወጡ የምነግራችሁ ይሄን ነው። ሰው ልትረዱ ስትሄዱ የምታውቁትን ሥራ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ። ለምታወጡት ነገርም ወረቀት አስፈርሙ።